በጆሮ የተቀመሰ ዘይት

ዙፋን ባሏን ጥላ ኒው ሀልፋ ከተማ እህቷ ዘንድ ልትገባ ቆርጣለች። ምክንያቷን ለጠየቃት ሁሉ መልሷ አጭር ነው፤ «ሳወራው አይመልስልኝም» ትላለች።

ባሏ ምንይችል ሰካራም አይደለም፣ እጁንም አያነሳባትም። ከሱዳኗ ገዳሪፍ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የሰሊጥ እርሻ ትራክተር ይነዳል። ከመተማ ተከትላው ከመጣች አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እስከ ዘንድሮ ድረስ ጨዋታው የሚጥም ሰው ነበር። ከክረምቱ መግቢያ ወዲህ ግን አንደበቱ ተሳሰረ። ሽሮው ጨው በዛበት እንዴ? ዝም። የጣራው ቆርቆሮ ሊገነጠል ነው፤ ዝም። ፊቷን ቀና ብሎ ያይና ፈገግ ብሎ መብላቱን ይቀጥላል። ከሁሉ በላይ የሚያንገበግባት ያ ፈገግታ ነው። ዝም የሚልን ባል ትችለው ይሆናል፤ ዝም ብሎ ፈገግ የሚለውን ግን አልቻለችም።

የሚገርመው፣ በቀን አንዴ ይናገራል። ግራ ጆሮዬን ያሳክከኛል ካላት ጀምሮ፣ እናቷ ታደርግ እንደነበረው የሰሊጥ ዘይት ታፈስለታለች። ሰሊጥ የሚያመርት ሰው ለጆሮም፣ ለቁርጥማትም፣ ለፀጉርም መድኃኒቱ ያው ዘይቱ ነው። ከእራት በፊት የገመድ አልጋው፣ ዐንገረቡ ላይ ትቀመጣለች። እሱ ራሱን ጭኗ ላይ ያጋድምና ግራ ጆሮውን ወደ ላይ ያደርጋል፤ እሷም ለብ ያለውን ዘይት በማንኪያ ጠብ ታደርግለታለች። ያኔ የጠየቀችውን ሁሉ አንድ በአንድ ይመልሳል። ከጭኗ ሲነሳ ደግሞ ወሬው ያልቃል። የሚያናግረኝ ለዘይቱ ሲል ነው ብላ ደመደመች። ከአንድ ጠርሙስ ዘይት ማነሷ አስለቅሷታል።

ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡስ ተራ ሄዳ የሰኞ ወንበር አስያዘች። ስትመለስ ዩስራን ልትሰናበት ጤና ጣቢያው ጎራ አለች። ዩስራ የጎረቤቷ ልጅ ናት፤ እናቷ ጎንደሬ፣ እሷ ግን እዚሁ ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገች የጤና ባለሙያ።

«ኻልቲ፣ አክስቴ፣ ምን ሆነው ነው የሚሄዱት?» አለቻት ዩስራ።

ዙፋን የሆዷን ዘረገፈች። «ጭራሽ አሁንስ ያሾፍብኝ ጀምሯል» አለች። «ትናንት የሱቅ ዘይት ጠብ ባደርግለት፣ ይሄ የዐሳራው አይደለም አይለኝም? ያ ግመል የሚጨምቀው ዘይት ነው የለመደው። በምን አወቅህ ብለው፣ ጉሮሮዬ ላይ ጣዕሙ ሌላ ነው አለኝ።»

ስትስቅ የነበረችው ዩስራ ሳቋን አቆመች። «ላሕዛ፣ አንዴ ይቆዩ። ያፈሰሱት ጆሯቸው ውስጥ ነው፤ የቀመሱት በጉሮሯቸው?»

«አዎን።»

«ደህና ጆሮ ዘይት አያሳልፍም ኻልቲ። ዛሬውኑ ያምጧቸው።»

ከሰዓት በኋላ ምንይችል እየተነጫነጨ መጣ። ዩስራ ጫፉ መብራት ያለው መሣሪያ ጆሮው ውስጥ አስገብታ ቀኙንም ግራውንም አየች፤ ከዚያ ዙፋንን አስጠግታ የትንሽ ጣቷን ጥፍር አሳየቻት።

«የጆሮ ታምቡር ይችን ታህል ስስ ቆዳ ናት፤ እንደ ከበሮ የተወጠረች። ድምፅ ሲመታት ትርገበገባለች፤ ከኋላዋ ያሉ ሦስት ትንንሽ አጥንቶች ተቀብለው ወደ ውስጥ ያሳልፉታል። ከዚያው ክፍል አንድ ቀጭን ቧንቧ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል። የሳቸው የግራ ታምቡር ተበስቷል፤ ዘይቱ በቀዳዳው አልፎ ነው ጉሮሮ የደረሰው። ቀኙን ደግሞ ኩክ ደፍኖታል።»

«ታዲያ ሳወራው...»

«አይሰሙም ነበር ኻልቲ።»

ዙፋን ፊቷ ጋለ። የሰኞው ወንበር ትዝ አላት፤ አፈረች። «ምን በሳው?» ብላ ጮኸችበት።

ምንይችል መሬት መሬት እያየ፣ «ክብሪት» አለ። ትራክተር እየነዳ ጆሮውን በክብሪት እንጨት ሲኮረኩር ጎማው ቦይ ውስጥ ገብቶበት ነበር። «ደማ፤ ከዚያ ወዲህ ጭር አለብኝ። ለማይሰማ ሰው ትራክተር የሚሰጥ የለም ብዬ ደበቅሁ።»

«ከኔም?» አለች ጆሮው ሥር ጮክ ብላ።

«ላንቺ ከነገርሁማ ኒው ሀልፋ ይሰማል።»

ዩስራ ጫፉ ቀለበት በሆነ ቀጭን ብረት ከቀኝ ጆሮው ሽንብራ የሚያህል ኩክ ጎትታ አወጣች። ምንይችል ደንገጥ ብሎ ጣራውን አየ። «ይሄ ማራገቢያ እንዲህ ነው የሚጮኸው?» አለ። ቀጥላ ሁለት ጣት ያለው ብረት መትታ ግንባሩ ላይ አቆመችና የሚጮኸው በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀችው። እጁን ወደ ግራው፣ ወደ ታመመው ጆሮ ሰደደ።

«ክዌስ፣ ደህና ነው» አለች ዩስራ፣ ፊቷ ፈካ ብሎ። «ድምፁ በአጥንት ሲመጣላቸው በደንብ ይሰማሉ። ነርቩ አልተነካም፤ የተጎዳችው ቆዳዋ ብቻ ናት። ከደረቀች ራሷ ልትገጥም ትችላለች፤ ካልሆነም ሐኪም ይለጥፋታል። እስካሁን ሳትገጥም ያቆያት የዘይቱ እርጥበት ነው። ከእንግዲህ ዘይትም ውሃም አይገባባትም፤ ክብሪቱም ለምድጃ ይሁን።»

ዙፋን ወደ ባሏ ዞረች። «ዘይቱ አያምህም ነበር?»

«ያቃጥላል።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልህ?»

ምንይችል ቆቡን በእጁ አሽከረከረ። «ጭንሽ ላይ ስጋደም ድምፅሽ በአጥንትሽ በኩል ይመጣልኛል። ሌላ ጊዜ አፍሽ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው የማየው።»

ዩስራ ጥጥ የምትፈልግ መስላ ፊቷን ወደ ቁም ሳጥኑ አዞረች። ዙፋን ቆቡን ከእጁ ተቀብላ ራሱ ላይ ደፋችለትና ተያይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ። አምስት ወር ሙሉ ያጠራቀመችው ወሬ፣ የሚሰማት ሲገኝ ጠፋባት። በመንገዳቸው አውቶቡስ ተራ ጎራ ብላ የሰኞውን ወንበር ሰረዘች።

ከእራት በፊት፣ እንደ ልማዷ ዐንገረቡ ላይ ተቀመጠች። የዘይት ጠርሙሱ ማድቤት ገብቷል፤ ማንኪያውም ታጥቦ ተሰቅሏል። ምንይችል መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

«ዘይቱ ቀርቷል እኮ» አለችው።

«ሰማሁ» አለና የታመመውን ጆሮ ወደ ጭኗ፣ ደህናውን ወደ አፏ አድርጎ ተጋደመ።