ለአብዱልሃዲ የወጣ ሶደቃ

ባሌ አብዱልሃዲ ጣውንት ቢያመጣብኝ ይሻለኝ ነበር። ጣውንት ቢያንስ ውሃ ትቀዳለች። እሱ ግን አሮጌ የጣሊያን አውቶብስ አስጎትቶ፣ ሸዋ ሮቢት ግቢያችን መሃል በጡብ አስደግፎ አቆመብኝ። በጃንሆይ ጊዜ አባቱ ከአዲስ አበባ ደሴ የሚነዱት ነበር። "አስነስቼ ጣርማ በር አወጣሻለሁ" ይለኛል። ወንበሩን አለበሰ፣ ቆርቆሮውን ቀጠቀጠ፣ ሰማያዊ ቀለም ቀባው። ሞተሩ ግን ትንፍሽ አላለም። ልጆቼ ጫማ ሲሉት እሱ ብሎን ይገዛል።

ሚሊኒየሙን ባከበርን በወሩ ወባ ጣለው። መርፌውም ኪኒኑም አልያዘለት፣ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ጎረቤቴ እትዬ ናፊሳ "ጣይባ፣ ሰውዬው እየሄደ ነው። ሶደቃ አውጪለት እንጂ!" አሉኝ። ለታመመ ሰው በግ ይሰጣል፣ እህል ይሰጣል። በግም እህልም ነበረኝ። ዓይኔ ግን አውቶብሱ ላይ አረፈ። ወላሂ፣ እንዲድን ፈልጌ ነው። እግረ መንገዴን ግቢዬም እንዲጠራልኝ ፈልጌ ነው። ሁለቱን ምን አጣላቸው?

የየቲሞቹን፣ የወላጅ አልባዎቹን ልጆች፣ ቤት የሚያስተዳድሩት ሼህ ኢልያስ፣ አውቶብሱን ለሶደቃ ልስጥ ብላቸው፣ "ያላለቀ አውቶብስ ምን ያደርግልናል?" አሉ።

"ብረቱን ሽጡታ!" አልኳቸው።

በማግስቱ ትራክተር ይዘው መጡ። አብዱልሃዲ ከጩኸቱ ባነነ።

"ጣይባ፣ ተነሳ እንዴ?" አለኝ፣ በደረቀ ከንፈሩ እየሳቀ። አውቶብሱ መስሎት ነው።

"አዎ፣ ተነሳ።"

"ማን አስነሳው?"

"አላህ ነዋ!" አልኩት።

ያን ዕለት ላብ አጠመቀው፣ ትኩሳቱም ወረደ። እግሩ ጠንቶ ግቢ ሲወጣ ጡቦቹንና የዘይቱን እድፍ አየ። ሶደቃ ወጥቶልህ ነው የዳንከው ብዬ ሁሉንም ነገርኩት። ሼህ ኢልያስ ዘንድ አልሄደም። የሰጡትን ሶደቃ መልሶ መጠየቅ ውሻ ትፋቱን እንደመላስ መሆኑን ያውቃል። ቢሄድስ? ብረት ገዢው ቆራርጦ ጭኖታል። አልጮኸም፣ አልመታኝም። "አላህ ይቀበልሽ" ብቻ አለኝ። እኔም ሞኟ፣ ዝምታውን የጤና ነው ብዬ ደስ አለኝ።

በዓመቱ ወባው እኔን ያዘኝ። ራሴን ስቼ ስነቃ ሴቶቹ ከበውኛል። አብዱልሃዲ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጫቱን ይቀነጥሳል።

"ሚስትህ እየሄደችብህ ነው፣ ሶደቃ አውጣላት!" አሉት እትዬ ናፊሳ።

"ምን ላውጣ?"

"በግ አለህ፣ ማሽላ አለህ!"

"አላህ ከምትወዱት ስጡ ነው ያለው፣ እትዬ። እኔ የምወደው የቀረኝ ነገር የለም።"

ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢኖርበት ተስፋ አደርግ ነበር። ኋላ እትዬ ናፊሳ ከራሳቸው ቤት አንድ ዶሮ አስይዘው ለየቲሞቹ ላኩልኝ።

ዳንኩ። እሱን አውቶብስ አዳነው፣ እኔን የጎረቤት ዶሮ።