የጋሽ ዳልጮ ሻወር

ጋሽ ዳልጮ ከባጃጅ ሲወርዱ ወድቀው ጭናቸው ከተሰበረ ወዲህ ጎንበስ ብለው በባልዲ መታጠብ አይችሉም። የሚችሉት ግቢው ጥግ ባለችው ሻወር ቤት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ በሩን ዘግተው፣ ብቻቸውን መታጠብ ነበር። እሱም ቀረባቸው።

ጥፋቱ የግቢው ነዋሪዎች የሁላችንም ነው። ውሃ በተራ ስለሚመጣ በዚህ ግቢ ሻወሩን የተጠቀመ ሁሉ ጥብቅ አድርጎ ይዘጋል። ቀጥሎ የሚያልፈው ደግሞ አያምንም፤ ትንሽ ይጨምርበታል። እኔም ሲቀላ ሰፈር ከምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ስመለስ፣ ሐሳቤ ሌላ ቦታ እያለ፣ እጄ ሳላዘው ያጠብቀዋል። ውሃው የሚተወው ነጭ ቅርፊትም ተጨምሮበት የሻወሩ መክፈቻ እጀታ ድርቅ ብሎ ቀረ፤ አልከፈት አለ።

ባለቤታቸው እትዬ ሻሺቱ በእርጥብ ጨርቅ ያጥቧቸው ጀመር። ጋሽ ዳልጮ ዓይናቸውን ጨፍነው ይታጠባሉ። ሰው መሐል መቀመጥ ከበዳቸው መሰለኝ፣ ቤተ ክርስቲያን መሄድም ተዉ።

ባለፈው ክረምት ወባ ሲጥለኝ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጠው ያስታመሙኝ እሳቸው ናቸው። ላቤን ሲጠርጉልኝ እንዳላፍር ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞሩ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ካቻቢቴ ተውሼ የመጣሁት ለዚህ ነው።

ልጃቸው ኖላዊት ሳቀችብኝ። አንድ ቀን አምፖል ልቀይር መሰላል ላይ ወጥቼ ሰማይ ሳይ አምፖሉን መርሳቴን አነሳችና መዶሻ አመጣችልኝ፤ አንዴ ብትለው ይለቃል አለች። መዶሻውን መሬት አስቀመጥኩት። ቧንቧው ግድግዳው ውስጥ የተቀበረና ያረጀ ነው፤ ከተሰነጠቀ ሻወር የሚባል ነገር አበቃ።

መጀመሪያ ቆጣሪው ጋ ሄጄ ውሃውን ዘጋሁ። እጀታው መሐል ያለችውን ትንሽ ክዳን በቢላ ጫፍ ፈልቅቄ ከሥሯ ያለውን ብሎን ፈታሁ። ብሎኑ ወጣ፤ እጀታው ግን ንቅንቅ አላለም። ጎተትኩ፣ መዳፌ ተላጠ። ጋሽ ዳልጮ በክራንቻቸው ተደግፈው በሩ ላይ ቆመዋል። ዓይኔ ወደ መዶሻው ሄደ።

እትዬ ሻሺቱ ገብተው ነጩን ቅርፊት በጥፍራቸው ቧጠጡት። ማንቆርቆሪያቸው ውስጥ የሚጋገረውም ይኸው እንደሆነ፣ እሱን በሎሚ እንደሚያስለቅቁት ነገሩኝ። ከጫኖ የመጣላቸውን ሎሚ ጨመቅንበት። ጭማቂው ግን አልቆይ ብሎ ወርዶ ወርዶ መሬት ላይ አለቀ።

«ክር አምጪልኝ» አሉ ጋሽ ዳልጮ ለኖላዊት።

ዶርዜ ሸማ ሲሠሩ ያደጉ ሰው ናቸው፤ የተረፈ ጥጥ ክር አይጥሉም። ወንበር አቀረብንላቸው። ክሩን ሎሚ ውስጥ ነክረው በእጀታውና በግድግዳው መካከል ባለችው ክፍተት ይጠመጥሙ ጀመር። ዙር በዙር፣ ሳይቸኩሉ፣ እጀታው በፋሻ የታሰረ ጣት እስኪመስል። ከዚያ መጠበቅ ነበር። ቁጭ ብዬ ጣቶቻቸውን እያየሁ በሐሳቤ ዶርዜ ደርሼ ተመለስኩ።

ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ክሩን ፈታን፤ እትዬ ሻሺቱ የፈላ ውሃ አፈሰሱበት። እጀታውን ይዤ በትንሽ በትንሹ ግራና ቀኝ ወዘወዝኩት። ቅርፊቱ ሲረግፍ ተሰማኝ። እጀታው ሳያስቸግር እጄ ላይ ቀረ። ውስጡ ያለውን ዘንግ በፒንሳ ይዤ ቀስ ብዬ ሳዞረው እሱም ታዘዘ። ጠርገን፣ ዘይት ቀብተን፣ መለስነው። ቆጣሪው ጋ ከፍቼ ስመለስ ውሃው ይወርዳል፤ ኖላዊት እጇን ከሥሩ ዘርግታለች፣ ስለ አምፖሉም አላነሳችም።

ጋሽ ዳልጮ ትከሻዬን ያዙ። የሚመርቁኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ።

«ልጄ፣ በሩን ከውጭ ዝጋልኝ» አሉ።

ዘጋሁላቸው። እትዬ ሻሺቱ ፎጣውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁ። ውሃው ይወርዳል፤ ጋሽ ዳልጮ ግን አልጠሯቸውም።

«አንተ ሰውዬ፣ ጀርባህንስ?» አሉ በመጨረሻ።

«እየደረስኩበት ነው፤ አንቺ ሂጂና አረፍ በይ» የሚል ድምፅ ከውሃው መሐል መጣ።

እትዬ ሻሺቱ አልሄዱም። ደረጃው ላይ ከጎኔ ቁጭ ብለው ፎጣውን ጭናቸው ላይ ዘረጉና፣ ለነገ እሑድ የጋሽ ዳልጮን ነጭ ሸሚዝ ማን እንደሚተኩስ ኖላዊትን ጠየቋት።