ምሳን ጨምሮ

ዳልጂት የትኩስ ቂጣ ቅርጫቷን ይዛ ከቤተ እምነቱ ማዕድ ቤት ስትወጣ ቴይክን አየችው። የአስጎብኚነት ቢጫ ባንዲራውን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ለዐሥር ያህል ጎብኚዎች የራስ መሸፈኛ ጨርቅ ያድላል። ባንዲራው የእሷ ነበር፤ ጠርዙን የሰፋችውም ራሷ ናት።

«ጫማ እዚህ፣ ጸጉር ሽፍን፣ ከዚያ መሬት ላይ በመስመር ቁጭ!» ይላል ቴይክ። «በጆርጅ ታውን ምርጡ ምሳ ይሄ ነው። ስለ ሒሳቡ አታስቡ፣ ጠዋት የከፈላችሁት ምሳን ጨምሮ ነው።»

ዳልጂት ባለችበት ደርቃ ቀረች። ከሕንድ ወደ ማሌዥያ በመጡት በሲኮች ቤተ እምነት ምሳ ተሽጦ አያውቅም። ቻይናው ይምጣ፣ ታሚሉ ይምጣ፣ ማሌዩ ይምጣ፣ ከየትም የወጣ መንገደኛ ይምጣ፣ መሬት ላይ ተቀምጦ ይበላል፣ ይሄዳል። ማን ነህ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ቴይክም የተማመነው በዚሁ ነው፤ የማይጠይቁ ሰዎች አያጋልጡኝም ብሏል። ደግሞ ዳልጂት እሁድ እሁድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ስታጥፍ እንደምትውል ሰምቷል። ፈረቃዋ መቀየሩን ግን አልሰማም።

ከሁለት ዓመት በፊት አብረው ነበር የሚሠሩት። ኪሳቸው ሳሳ ላለ ጎብኚዎች በእግር የሚኬደውን መንገድ ያወጣችው እሷ ናት፤ ከባሕሩ ላይ ከቆሙት የእንጨት ቤቶች ተነስቶ፣ በቤተ ክርስቲያኑ፣ በቻይናዎቹ ቤተ መቅደስና በመስጊዱ አድርጎ የሕንዶቹ ሰፈር ይዘልቃል። በቀትር የትኛው በረንዳ ጥላ እንዳለው፣ የትኛዋ ሴትዮ ኑድሉን በግማሽ ሳህን እንደምትሸጥ የምታውቀው እሷ ነበረች። እናቷ ታማ አልጋ ስትይዝ ሥራውን ለጊዜው ለቴይክ ተወችለት። ስትመለስ የማስጎብኛ ድረ ገጻቸው የይለፍ ቃል ተቀይሯል፣ ፎቶዋ ተነስቷል፤ የት ሄደች ብሎ ለሚጠይቅ ደግሞ ቴይክ «አግብታ አውስትራሊያ ገባች» እያለ ይመልሳል። የእናቷ አስከሬን እንደ ሲኮች ወግ በተቃጠለ በሳምንቱ ደውላ ብትለምነው «ሥራ ሥራ ነው፣ እህቴ» ብሎ ዘጋባት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አንሶላ ባጠፈች ቁጥር ቴይክ ሰው ፊት ሲዋረድ በሐሳቧ ታየዋለች፤ እውነቱን ለመናገር፣ ያ ሐሳብ ደስ ይላት ነበር።

ተመልሳ ማዕድ ቤት ገባች።

«እማማ፣ ያ ሰውዬ ምሳችንን እየሸጠ ነው!»

የማዕድ ቤቱ ኃላፊ እማማ ሃርባንስ ከጋለው ብረት ላይ ቂጣ ገለበጡ። «የቱ ሰውዬ?»

«ቴይክ ነዋ! ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ ሰዎቹን አስከፍሎ አመጣቸው። አሁኑኑ ላስወጣው።»

«ከዚህ አዳራሽ ሊበላ የተቀመጠ ሰው ተነስቶ አያውቅም። እናትሽ ብትሰማሽ ምን ትል ነበር?»

«እናቴ ስትታመም እኮ ነው…»

«አውቃለሁ ልጄ። ቢሆንም አይነሳም። ስድብም የለም። ይልቅ የእኔን እንግሊዝኛ ታውቂዋለሽ፤ እንግዶቹ አዲስ ከሆኑ እንደ ወጉ እንኳን ደህና መጣችሁ በያቸውና ሥርዓታችንን ንገሪያቸው።»

ዳልጂት ልትከራከር አስባ ተወችው። ለአዲስ እንግዳ የሚነገረውን ታውቀዋለች። ገና ሳትናገረው አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ቴይክ ያያት አዳራሹ መሀል ስትደርስ ነው። ፊቱ አመድ መሰለ። ብድግ ብሎ ወደ ምሰሶው ጥግ ወሰዳት።

«ዳል! አለሽ እንዴ?»

«ከአውስትራሊያ ገና መግባቴ ነው።»

«ተይ እንጂ እህቴ። ስሚኝ፣ ያለፈው አለፈ። ከነገ ጀምሮ ተመለሺ፣ ግማሽ ግማሽ እንሥራ። ስምሽንም ፎቶሽንም እመልሳለሁ፣ በልጆቼ እምልልሻለሁ። ዛሬን ብቻ ዝም በይልኝ። እነዚህ ሰዎች አንድ ክፉ ነገር ቢጽፉብኝ አለቀልኝ።»

«እኔ ሲያልቅልኝ የት ነበርክ?»

ዳልጂት የሆቴሉ ምድር ቤት ታያት፤ መስኮት የለውም፣ እንፋሎቱ ያፍናል። መንገዷ ደግሞ ይናፍቃታል፣ አንዳንድ ቀን እስኪያማት ድረስ። አሁን ዝም ብትል ነገ ጠዋት ባሕሩ ዳር ቆማ ሰው ትቀበላለች። ግን የምትቆመው ከዚህ ሰው ጎን ነው።

«ሂድ ተቀመጥ፣» አለችው። «ምስሩ ይቀዘቅዝብሃል።»

እሺ ያለችው መስሎት ፈገግ ብሎ ሄደ። ዳልጂት ከእንግዶቹ ፊት ቆመች።

«እንኳን ወደ ቤታችን በሰላም መጣችሁ፣» አለች፣ እያንዳንዱን ቃል እያጠራች። «እዚህ የምትበሉት ሁሉ ነጻ ነው። ለማንም ሰው፣ በማንኛውም ቀን። ለምሳ ከማንም ሳንቲም ተቀብለን አናውቅም። ነገም ኑ። መሪ አያስፈልጋችሁም፣ በሩ ክፍት ነው።»

አልተሳደበችም፣ የማንንም ስም አልጠራችም። ጀርባዋ በፀሐይ የተላጠ አንዲት ወጣት ጎብኚ ጉርሻዋን ወደ ሳህኗ መለሰች።

«ታዲያ እኛ ጠዋት የከፈልነው የምን ምሳ ነው?»

አጠገቧ የነበረው ሽማግሌ ወደ ቴይክ ዞረ። ከዚያ ሁሉም ዞሩ።

ዳልጂት ቅርጫቷን ይዛ መስመሩን ተከትላ ማደል ጀመረች። በዚህ ቤት ቂጣ ሳህን ላይ አይጣልም፤ ተቀባዩ ሁለት መዳፉን ዘርግቶ ነው የሚቀበለው። ቴይክ ጋ ስትደርስ እጆቹን ጭኑ ላይ ጨምድዶ፣ አንገቱን ደፍቶ አገኘችው።

«ይቅርብኝ፣» አለ በሹክሹክታ። «እለፊኝ በቃ።»

መስመሩ ረጅም ነበር፤ ከእሱ ቀጥሎ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። ማለፍ ትችል ነበር።

«ኧረ ብላ፣ ወንድሜ፣» አለች ሁሉም እንዲሰማ። «በነጻ እኮ ነው።»

እጆቹን እስኪዘረጋ ድረስም ከፊቱ ንቅንቅ አላለችም።