ባለ ወፍራም ጎማው ወንበር

አናጢው ከጣራ ከወደቀ ወዲህ ከወገቡ በታች ያለው አካሉ አልታዘዝ ብሎታል። ተሽከርካሪ ወንበሩ ለቤት ወለል ደህና ነው፤ ከበር ሲወጣ ግን ትንንሾቹ የፊት ጎማዎች ጠጠር ውስጥ እየተቀረቀሩ በአፍ ጢሙ ሊደፉት ይደርሳሉ። ስለዚህ መስኮት ሥር ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ሲያይ ይውላል። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱም ሱቋን ዘግታ የስፌት መኪናዋን ሳሎን ካስገባች ቆይታለች። «እዚሁ ይሻለኛል» ትላለች፤ እሱም አምኗት ኖሯል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሰውነቱን የምታፍታታለት ፊዚዮቴራፒስት ደጃፋቸው ላይ እንግዳ ነገር አምጥታ አቆመች፤ ሦስት ወፋፍራም ጎማ፣ ዝቅ ያለ መቀመጫ፣ ግራና ቀኝ ረጃጅም ዘንጎች።

«ጋሼ፣ ዘንጎቹን ወደፊት ወደኋላ ሲያደርጓቸው ይሄዳል። ፍሬኑ እጀታው ላይ ነው። ጭቃም ሣርም አይመርጥም። የምሠራበት የአካል ጉዳተኞች ማኅበር ንብረት ነው፤ እስከ ነገ ማታ ይዋሱት።»

«ይሄ የልጅ መጫወቻ ነው ወይስ ትራክተር?»

«ነድተው ይፍረዱ።»

ብየዳውን በጣቱ ዳበሰ። እንከን ፈልጎ አጣ። ያን ጊዜ ልቡ ከጀለ።

በማግሥቱ ባልና ሚስት ከተማው ዳር ወዳለው ሜዳ ወጡ። ሚስቱ ቀበቶውን አሰረችለት፤ እግሮቹ ቢጎተቱ አይሰማውምና እነሱንም በማሰሪያ አጠበቀች። ከዚያ የመቀመጫውን ጀርባ ሙጭጭ አድርጋ ያዘች።

«ልቀቂው እንጂ።»

«ብትወድቅስ?»

«አወዳደቅስ እኔን ጠይቂኝ፤ ከጣራ ነው የጀመርኩት።»

ሳትወድ ሳቀችና ለቀቀችው።

የአናጢ ክንድ አልከዳውም። ሣሩ ከጎማው ሥር ይንሿሿል፣ ነፋሱ ሸሚዙ ውስጥ ይገባል፤ ዘወትር ከኋላው የማይለየው የሚስቱ ትንፋሽ ራቀ። ደስ ሲለው ጊዜ ቁልቁለቱ ላይ በችኮላ ታጠፈ። አንዱ ጎማ ተነሣ፤ ወንበሩም ቀስ ብሎ በጎኑ አጋደመው።

«ወይኔ ጉዴ!» ሚስቱ እየሮጠች ደርሳ ቀበቶውንና የእግሮቹን ማሰሪያ ፈታች፤ ራሱን፣ ክንዱን፣ እግሩን ዳበሰች። እሱ ግን በሳቅ ይንፈራፈራል።

«ምን ያስቅሃል፣ አንተ ሰው?»

«ሣሩ ጆሮዬን ኮረኮረኝ።»

ልታነሣው ጎንበስ ስትል እጇን ያዘ። «ትንሽ ልተኛበት። እስቲ አንቺ ንጂው።»

«እኔ? አበድክ እንዴ?»

«አንድ ዙር ብቻ።»

ግራ ቀኝ አየች፤ ሰው የለም። ወንበሩን አቃንታ ቀሚሷን ሰብስባ ተቀመጠች። መጀመሪያ እንደ ሰካራም ተንገዳገደች፤ ኋላ ቀናላት። እስከ ዛፎቹ ደርሳ ተመለሰች፤ ሳይነግራት ደገመች። ሻርፗ ወድቆ ትከሻዋ ላይ ሲቀር እንኳ አላስተካከለችውም። አናጢው በክርኑ ተደግፎ ያያት ነበር። ለካ ቤት ተዘግቶበት የከረመው እሱ ብቻ አልነበረም።

ስትመለስ ላብ አጥምቋት ከጎኑ ዘፍ አለች።

«ሱቅሽን ክፈቺ» አላት።

«አንተን ማን ያይልኛል?»

«ሲቸግረኝ እጠራሻለሁ።»

ሣር መንጨት ጀመረች። «እስቲ እናያለን» አለች በመጨረሻ። እሺ ማለቷ እንደሆነ ገባው።

ማታ ፊዚዮቴራፒስቷ ወንበሩን ልትወስድ መጣች። ጎማው ላይ የተጣበቀውን ሣር አየት አድርጋ፣ «ታዲያ ጋሼ፣ እንዴት አገኙት?» አለች።

«ጥሩ ነው። መታጠፊያ ላይ ብቻ ይቸኩላል።»

«ወንበሩ ነው ወይስ ነጂው?» አለች ሚስቱ።