ቀስ ስትል የምትግል ጀልባ

እኔ ራልፍ ድሮም ቁጡ ነኝ፤ ስፈራ ደግሞ ይብስብኛል። የዚያን እሑድ ጠዋት ፓርኩ ኩሬ ዳር ቆሜ ከዳክዬዎቹ ጋር ልጣላ ምንም አልቀረኝም። እጄ ላይ የሬዲዮ መቆጣጠሪያ፤ ውሃው ላይ የሟቹ ጓደኛዬ የኖሪስ ቀይ ጀልባ፤ ጀልባዋ ላይ፣ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ፣ ራሱ ኖሪስ።

በሬዲዮ የሚነዱ ትንንሽ ጀልባዎች የምንሠራበት የክበባችን ወግ ነው። አባል ሲሞት፣ ቤተሰቡ ከፈቀደ፣ የተቃጠለ አስከሬኑን አመድ በገዛ ጀልባው ወስደን ኩሬው መሃል ካለችው ደሴት አጠገብ እናፈሳለን። አብዛኞቻችን የምንሠራው ጎታች ጀልባ፣ የዓሣ አጥማጅ ጀልባ፣ እንዲህ ያለ ጨዋ ነገር ስለሆነ ችግር ገጥሞን አያውቅም። ኖሪስ ግን የእሽቅድምድም ሰው ነበር። የክንዴን ያህል የምትረዝመው ጀልባው አንዴ ከተለቀቀች ውሃውን የምትነካው ለይስሙላ ነው።

ከዚያ እሑድ ቀደም ብሎ ሚስቱ ዶሪን ወጥ ቤቷ አስቀምጣኝ ሻይዬ ላይ ወተት እየጨመረች፣ "ራልፍ፣ ቀስ አድርገህ ነው የምትወስደው" አለችኝ።

"ዶሪን፣ ይቺ ጀልባ ቀስ ማለት አታውቅም።"

"መሪው አንተ እጅ አይደል ያለው?"

"ነው። ግን ስሚኝ። ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው የኩሬው ውሃ ነው። ከሆዷ ሥር አፏን ወደፊት የከፈተች ቀጭን ቱቦ አለች። ስትሮጥ ውሃው በግዱ ይገባል፣ ሞተሩን ይዞርና በጎኗ እንደ ክር ይወጣል። ቀስ ስትል ግን ውሃውን ማን ይግፋው? ሞተሩ ይግላል፣ ሽቦው ይቀልጣል፣ ባትሪው ደግሞ እሳት ከያዘ..."

"ዕድሜ ልኩን ሲሮጥ ኖረ" ብላ አቋረጠችኝ። "የሞተ ቀን እንኳ የቀዳሁለትን ሻይ ትቶ ወደዚያ ኩሬ እየሮጠ ነው የወጣው። ደህና ዋይ አላለኝም። ዛሬ ቀስ ብሎ ይሄዳል። አለቀ!"

እሺ አልኩ። እሺ ብዬ ወጥቼ ግን እንቅልፍ አጣሁ።

የክበባችን ቀልደኛ ሴድሪክ ሲሰማ፣ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ይሄኛው ግን ቀስ ካለ ይቀቀላል" ብሎ ሳቀብኝ። ልመታው ነበር። ከዚያ ሁለታችንም ተቀምጠን መላ ፈለግን። ሞተሩ እንዳይደክም የሚገፋትን ፕሮፔለር ባነስተኛ ቀየርን። ውሃ የምትገፋ ትንሽ ፓምፕ ብናስገባስ አልን፤ ግን ደሴቷ ጋ ስትደርስ በሬዲዮ ጣሳውን የሚገለብጠው መሣሪያ ቦታውን ሁሉ ይዞታል። ንፋስ እንዲገባ ክዳኗን እንዳንከፍት ጣሳው የሚቀመጠው እዚያው ላይ ነው። በመጨረሻ ከኖሪስ እኩል የሚመዝን ስኳር ጭነን ሞከርናት። ደርሳ ተመለሰች፤ ሞተሩን ስነካው ግን ጣቴን ለበለበኝ።

ያም የሆነው ነፋስ በሌለበት ቀን ነው። በዚያ እሑድ ግን ነፋሱ ፊት ለፊት ይመጣ ነበር። ሰዎቻችን ባርኔጣቸውን አውልቀው መዝሙር ጀመሩ። ዶሪን እጅጌዬን ጨምድዳ ይዛ አጠገቤ ቆመች። ጀልባዋን ለቀቅኋት።

ዓይኔ ጎኗ ላይ ተተከለ። የውሃዋ ክር የለችም። ጠብታም የለ። ከጣሳው ክብደት የተነሳ ጎንበስ ብላ፣ ነፋሱን እየታገለች ትንፏቀቃለች። ዶሪን ሳታይ የፍጥነት ማንሻውን በአውራ ጣቴ ትንሽ ገፋ አደረግሁት፤ ክሯ ብልጭ አለች።

"ራልፍ!"

መለስኩት። ክሯ ጠፋች።

መንገዱን ሳታጋምስ የፈሩት ይደርሳል ሆነና ከክዳኗ ሥር ነጭ ጭስ ተነሳ። ቀጭን ነው፤ ግን ጭስ ነው። ሴድሪክ ከኋላዬ ተጠግቶ፣ "ኧረ ራልፍ፣ ሰውዬው አንዴ ተቃጥሏል እኮ፣ ይበቃዋል!" አለኝ። ያን ጊዜ አልሳቀም።

"ዶሪን፣ በፍጥነት ልልቀቃት።"

"አይሆንም።"

"ትቃጠላለች አልኩሽ! እዚሁ ዓይንሽ ሥር ትሰጥማለች!"

"ደሴቷ ጋ ስትደርስ ያልቃል እኮ፣ ራልፍ" አለች። ድምፅዋ ተሰበረ። "ቀስ ካለች... ገና አለ ማለት ነው። ገና እየሄደ ነው።"

ያን ሁሉ ቀን ስለ ቱቦና ስለ ሞተር ስነዘንዛት ይህን አልጠረጠርኩም። በራሴም በእሷም በኖሪስም ተናደድኩ።

"ብትቃጠልም ያልቃል፣ ዶሪን" አልኳት። "እንደዚያ እንዲያልቅ ነው የምትፈልጊው?"

ጭሱን አየችው። እጅጌዬን ለቀቀች። አውራ ጣቷን አውራ ጣቴ ላይ ጫነችና ማንሻውን እስከ መጨረሻው ገፋችው።

ጀልባዋ ጮኸች! አፍንጫዋን አነሳች፣ ከጎኗ ውሃው ተንፎለፎለ፣ ጭሱ ወዲያው ጠፋ። የጣሳው ክዳን በንዝረቱ ከፈት ብሎ ነበር መሰል፣ አመዱ ከኋላዋ እንደ ዱቄት እየተነሳ ይበተናል። ደሴቷ ጋ ስትደርስ የሚገለበጥ ነገር አልቀረም። አዞርኳት፣ እንደገና አዞርኳት። መዝሙሩ ተቋርጦ አንዱ ያፏጫል፣ ሌላው "ንካው ኖሪስ!" ይላል። ነፋሱ ጥቂቱን አምጥቶ ኮታችን ላይ ጣለው። ማንም አላራገፈውም። ዶሪን አፏን በእጇ ይዛ ታለቅሳለች።

ጀልባዋን ወደ ዳር መልሼ ክዳኗን ስከፍት የተቃጠለ ሽታ ወጣ፤ ሞተሩ ግን ተርፏል። ሴድሪክ እንደ ልማዱ ጠርሙሱን ይዞ ሞተሩ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሊያፈስ ጎንበስ አለ።

"ተው!" አለች ዶሪን። "አታፍስበት።"

እርጥቡ ድንጋይ ላይ በዚያ ጥቁር ኮቷ ተንበረከከችና መዳፏን ከሞተሩ አጠገብ፣ የጀልባዋ ጎን ላይ አሳረፈች።

"ገና ይሞቃል" አለች።

"ያቃጥልሻል እኮ፣ ዶሪን።"

"ዝም በል፣ ራልፍ።"

ለለቀስተኛው ሻይና ዳቦ ተሰናድቶ ይጠብቀን ነበር፤ ማንም ወደዚያ አልሄደም። ሴድሪክ ጠርሙሱን ከደነ። ጥቂት ቆይቶ ማካፋት ሲጀምር ኮቴን አወለቅሁና፣ ቶሎ እንዳትበርድ፣ ጀልባዋን ከነእጇ ሸፈንኩላት።