የባይኖኩላሩ ላስቲክ

ሰውዬውን የወፍ ተመልካቾች ማኅበር አባላት «ንስሩ» ይሉታል። ስሙን ካወጡለት አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ እሱም በልኩ እንደተሰፋ ኮት ለብሶት ይዞራል። ድሮ የጂኦግራፊ መምህር ነበር፣ አሁን ጡረተኛ ነው። ሚስቱ ቅጽል ስም የላትም። «የንስሩ ባለቤት» ካሏት በቂ ነው።

እሷ ዕድሜዋን የጨረሰችው መዝገብ ቤት ነው። መዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው የነገሩትን ይጽፋል እንጂ «እስቲ አሳዩኝ» አይልም። ይኸው ልማድ ከቢሮ ተከትሏት ቤት ገባ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ግድቡ ዳር ይቀመጣሉ፤ እሱ ባይኖኩላሩን ዓይኑ ላይ ደቅኖ ይጠራል፣ እሷ ትጽፋለች። «ዓሣ አጥማጅ፣ አንድ። ሽመላ፣ ሦስት። ጻፊ እንጂ፣ በረረ እኮ!» እንዲህ እንዲህ እየተባለ ስድስት ደብተር ሞልቷል። በየገጹ ራስጌ «ተመልካች» ከሚለው ቀጥሎ የእሱ ስም አለ፣ በእሷ ውብ ጽሕፈት። የማኅበሩ ሰዎች ደብተሩን እያገላበጡ «አቤት የንስሩ ዓይን!» ይላሉ። እጅ የሚባል ነገር ትዝ ያለው ሰው የለም።

እሷም ለማየት ሳትሞክር ቀርታ አይደለም። ንስሩ ደግነቱ ሲነሣበት «እስቲ እንቺ፣ እዪ» ይላታል። ከማቀበሉ በፊት ታዲያ ዓይን የሚያርፍበትን ላስቲክ በመሐረቡ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ወደ ላይ ያቃናላታል። ይህቺ እንክብካቤው ሁልጊዜ ሆዷን ታባባዋለች። ወስዳ ስታይ ግን ዙሪያው ጥቁር፣ መሃሉ ላይ አዝራር የምታህል ብርሃን፤ አዝራሯ ውስጥ ወፍ የለም። መነጽሯን ስታወልቅ ደግሞ ጭራሽ ጉም ነው።

«ያንቺ ዓይን ለዚህ አልተፈጠረም» ይላታል ትከሻዋን መታ መታ እያደረገ። «ምን ቸገረሽ፣ እኔ አይልሽ የለ?»

እውነትም ምን ቸገራት ብላ ደብተሯን ታነሣለች።

ዘንድሮ የአሮጌው ባይኖኩላር አንደኛው ቱቦ ውስጡ እርጥበት ገብቶ ሻገተ። ሌላ ለመምረጥ ተያይዘው ሱቅ ሄዱ፤ አሮጌውንም ለማነጻጸሪያ ይዘውት ነበር። ሻጯ ወፍራም መነጽር ያደረገች ጎልማሳ ሴት ናት።

«መካከለኛውን ነው የምንፈልገው» አለ ንስሩ ገና ከበሩ። «የላይኛው መደርደሪያ ለጉራ ነው፣ የታችኛው የልጆች መጫወቻ። ስምንት እጥፍ የሚያጎላውን፣ ስምንት በአርባ ሁለት የሚሉትን አምጪልኝ። አሥር እጥፍ የሚያጎላውማ እጅ ሲንቀጠቀጥ ወፉንም አብሮ ያንቀጠቅጠዋል።» ጡረታ ቢወጣም ማስተማሩ አልለቀቀውም።

ሻጯ ሦስት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። አንዱ ከበደው፤ የሌላው ማስተካከያ ጠጠረበት። ሦስተኛውን ይዞ ወደ መስኮቱ ሄደና ራሱን ነቀነቀ።

«እርስዎስ እናቴ፣ አይሞክሩም?» አለች ሻጯ።

«የእሷ ዓይን አይቀበልም» አለ ንስሩ ዞር እንኳ ሳይል።

«የኔም እንደርሳቸው ነው፤ ግን አያለሁ» አለች ሻጯ። ማስተካከያው ጠጥሮበት የተወውን አነሣችና ዓይን የሚያርፍባቸውን ቀለበቶች ወደ ታች አዞረቻቸው። «መነጽር ያደረገ ሰው ይሄን ዝቅ ማድረግ አለበት። አለዚያ ጥቁር ብቻ ነው የሚያየው። እንኩ፣ አሁን ይዩ።»

የንስሩ ባለቤት ወሰደችና በመስኮቱ ወደ ማዶው ጣሪያ አቀናች። እርግብ ነበረች። ጥቁር ክብ የለም፣ አዝራር የለም፤ ጣሪያው ሙሉውን መጣ፣ እርግቧም ከነላባዋ መጣች። አንገቷ በዞረች ቁጥር አረንጓዴና ወይን ጠጅ ይሆናል። ዓይኗ ብርቱካንማ ነው። የእርግብ ዓይን ብርቱካንማ መሆኑን ማንም ነግሯት አያውቅም፤ ንስሩ እርግብ ስለሚንቅ አስጽፏት አያውቅም።

«አየሁ» አለች። ከዚያ «ይሄ ነገር አዲስ የመጣ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ኧረ የቆየ ነው! የእናንተም አሮጌው አለው እኮ፣ ላስቲኩ ይታጠፋል። ይኸው፣» ሻጯ ከጠረጴዛው ላይ አነሣችው፣ «አባባም አጥፈውታል። እንዲያውም ከመታጠፉ ብዛት መስመር አውጥቶ ተሰነጣጥቋል።»

ሴትዮዋ ክው አለች። ንስሩም መነጽር ያደርጋል፤ ወፍ ማየት ከመጀመሩም በፊት ያደርግ ነበር። ለራሱ ሲሆን ያጥፈዋል። ለእሷ ሲሆን በመሐረቡ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ያቃናዋል። እንክብካቤ ያለችው ይህንን ነው። ሆዷ ሲባባ የኖረው ለዚህ ነው።

«ታውቅ ነበር» አለችው።

«ምኑን?»

«ለኔ ስትሰጠኝ ለምን ታቃናዋለህ?»

ንስሩ ሻጯን አየ፣ ጣሪያውን አየ። ከዚያ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ሁለታችንም ካየን ታዲያ ማን ይጽፋል?» አለ። ቀልድ አስመስሎ ሊስቅ ሞከረ፤ ሻጯ እንኳ አላገዘችውም።

መጮኽ አማራት፤ አሥራ ስምንት ዓመት በየትኛው ጩኸት እንደሚያልቅ ስላላወቀች ተወችው።

«ይሄን ነው የምንወስደው» አለች ለሻጯ። «አትጠቅልዪው። አንገቴ ላይ ነው የማደርገው።»

ቅዳሜ ግድቡ ዳር ተቀመጡ። ንስሩ መቅረት ፈልጎ ነበር፤ ማኅበሩ ምን ይለኛል ብሎ መጣ። ሰባተኛው ደብተር ጭኑ ላይ፣ እርሳሱ እጁ ላይ ነው።

ሸምበቆው ላይ አንዲት ወፍ አረፈች። ትንሽ፣ ቡናማ፤ ከዓይኗ በላይ ቀጭን ነጭ መስመር አላት፣ ደረቷ ላይ ነጠብጣብ። ሴትዮዋ ባይኖኩላሩን ከዓይኗ አላነሣችም። ስሟን ልትናገር አፏን ከፈተችና ባዶ ሆነባት። ይህችን ወፍ መቼም መቶ ጊዜ ሳትጽፋት አልቀረችም። የስድስቱን ደብተር ስሞች በቃሏ ትወጣቸዋለች፤ የትኛው ስም የዚህች እንደሆነ ግን አታውቅም። የሚያውቀው አጠገቧ ያለው ሰው ብቻ ነው።

ንስሩ ስሙ እንደጠፋት ገባው። «መልኳን ንገሪኝ» አለ ጠጋ ብሎ፤ ያ የክፍል ውስጥ ድምፁ ተመልሶ መጣ። «አንቺ መልኳን ብቻ ንገሪኝ፣ ስሟን እኔ እነግርሻለሁ።»

ወፏ እስክትበር ድረስ አየቻት።

«ጻፍ» አለችው ከዚያ።

«ምን ብዬ?»

«አንድ ወፍ፣ አላውቃትም ብለህ። ተመልካች በሚለው ላይ ደግሞ የኔን ስም ጻፍ።»