ቁጥሩ ተለቅ ይበል

ስንት የሰው መጽሐፍ በማተሚያ ቤት ስታቀናብር የኖረች ሴት፣ የገዛ አባቷ መጽሐፍ ላይ ስትደርስ እጇ ተሳሰረ። ጽሑፉ ታርሟል፣ ገጹ ተደርድሯል። የቀረው የምዕራፎቹ ርዕስና ቁጥር መልክ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ለእሷ ምኗ ነው! ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ቦታ ከነካች ምዕራፎቹ በሙሉ እኩል ይለወጣሉ።

ግን አባባ አልጋ ይዘዋል። ሐኪሙም ቁርጡን ተናግሯል። እሷ እንግዲህ በሕይወት ያቆያቸው ይኼ መጽሐፍ ነው ብላ ደምድማለች፤ ያለቀ ዕለት እሳቸውም እጅ የሚሰጡ እየመሰላት ትፈራለች። ስለዚህ ኮምፒውተሯን ተሸክማ አባቷ ቤት ሳሎን ገባችና ሥራውን ማንዛዛት ያዘች። ቁጥሩን ታወፍርና አትማ መኝታ ቤት ይዛላቸው ትገባለች።

አባባ መነጽራቸውን ያደርጋሉ። «ቁጥሩ ተለቅ ይበል።»

ተመስገን! ትላለች በሆዷ። ተለቅ ታደርገዋለች። «አሁን ደግሞ ከርዕሱ ራቀ።» ታቀርበዋለች። «ከሥሩ መስመር ቢኖረውስ?» ታሰምርበታለች። በገባች ቁጥር አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ትላለች፤ በዚያው ወሬው ይደራል፤ አንዳንዴም ይሳሳቃሉ። ሥራ በዛብኝ እያለች ለዓመታት በስልክ ብቻ ስትጠይቃቸው ለኖረች ልጅ ይኼ ቀላል ነገር አይደለም።

በመጨረሻ ያልቻለችው አክስቷ ናት። ወንድሟን ሌት ተቀን የምታስታምመው እሷ አይደለች! ኮሪደሩ ላይ ክንዷን ለቀም አደረገቻት።

«አንቺ ልጅ፣ አባትሽ ማስታገሻውን አልውጥም አለኝ እኮ! እንቅልፍ ይጥለኛል፣ ልጄ ወረቀቱን ይዛ ስትመጣ ተኝቼ ታገኘኛለች ይለኛል። ጥርሱን ነክሶ ነው የሚጠብቅሽ።»

ክው አለች። ቀጥ ብላ ገባች።

«አባባ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። የቱ ይሻላል?»

አባባ መነጽራቸውን አወለቁ። «የመጀመሪያውም ምንም አይወጣለትም ነበር» አሉ።

«ታዲያ ለምን ያስለውጡኛል?»

«ጥሩ ነው ካልኩሽ ትሄጂብኛለሽ ብዬ ነዋ!»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ውሃና ማስታገሻውን አቀበለቻቸው።

«ይዋጡት። የትም አልሄድም።»

ዋጡት። ፊታቸው ቀስ በቀስ እየተፈታ ሄደ፤ እንቅልፍም ወሰዳቸው። ያን ጊዜ ሳሎን ወጣች፤ እየፈራች መጽሐፉን ለማተሚያ ቤቱ ላከችና ተመልሳ አልጋው ጫፍ ላይ ባዶ እጇን ተቀመጠች።